የጉድጓዱ ወሬ መጀመሪያ ለማን ይነገራል?

በየዓመቱ ተመራቂዎች ጋውናቸውን ሳይመልሱ ስልክ ይደውሉልኛል። የጎረቤት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ ልጅ፣ የእህቴ ልጅ ጓደኛ። ጂኦሎጂ ወይም ኬሚካል ምህንድስና ጨርሰዋል። ጥያቄያቸው ያው ነው፦ «ጋሼ፣ ነዳጅና ጋዝ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ለመንግሥት ይሻለኛል ወይስ ለግል ኩባንያ?»

ስለ ደመወዝ እየጠየቁኝ እንደሆነ ይገባኛል። በዚህ የቤት ኪራይ ዘመን ስለ ደመወዝ የሚጠይቅ ወጣት አይፈረድበትም። እኔ ግን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ልትገባበት ያሰብከው ድርጅት ጉድጓድ ቆፍሮ ውጤቱን ሲያውቅ ወሬውን መጀመሪያ የሚነግረው ለማን ነው? ለሚኒስትሩ? ለአክሲዮን ገበያው? ለአንድ ባለቤት? ወይስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲሠራ ለከረመው ሰውና መሬቱ ላይ ከብት ለሚጠብቀው አርብቶ አደር? የሠራተኛውን ዕድል ከደመወዙ ይልቅ ይህ ነገር እንደሚወስነው አምናለሁ። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ረዘም አድርጌ ላውጋው።

ነዳጅን ከነሽታው ያወቅሁት በአጎቴ ነው። አጎቴ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኛ ነበር። ማጣሪያው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው፤ ለብዙ ዓመታት አገሪቱ ድፍድፍ ከውጭ እያስመጣች ቤንዚኑንም ናፍጣውንም እዚያው ታወጣ ነበር። አጎቴ ለዓመት ፈቃድ ደሴ ሲመጣ እናቴ ማታ ማታ ከጎኑ ተቀምጣ ታዋራዋለች። ስለ አሰብ ሙቀት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ስለሚዘረጋው አልጋ፣ ቀን በባዶ እጅ ስለማይነካው ብረት ያወራላታል። «ታዲያ ለምን አትመለስም?» ስትለው መልሱ አጭር ነበር፦ «መንግሥት ያለበት ሥራ ነው።»

በኋላ ተመልሶ ደሴ ላይ ጡረታ ወጣ። ማጣሪያው አርጅቶ፣ የተጣራውን ገዝቶ ማስገባት ይረክሳል ተብሎ፣ በ1989 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ ተስማምተው ሲዘጉት አጎቴ እንደ ማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ሰማ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ጡረታው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቋረጠበትም። በእኛ ቤት የመንግሥት ሥራ የሚከበረው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ጨርሼ ከድንጋይና ከነዳጅ ጋር የሚገናኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስቀጠር ቤተሰቡ ቡና አፍልቶ መረቀኝ። የተመደብኩት የጉድጓድ መዛግብት የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ኦጋዴንን እዚያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ አሰሰ። ቴኔኮ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ በ1965 ዓ.ም. ገደማ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። አብዮት መጣ፣ አሜሪካኖቹ ወጡ፣ የሶቪየት አሳሾች ገቡና ካሉብ ላይ ቁፋሮውን ቀጠሉ። የግል ካፒታል የጀመረውን ጉድጓድ የኮሚኒስት መንግሥት ቀጠለው፤ ድንጋዩ ግን ያው ድንጋይ ነው። ወረቀቶቹ ከፊሉ በእንግሊዝኛ፣ ከፊሉ በሩሲያኛ ነበሩ። ሩሲያኛውን ባኩ ተምሮ የመጣ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ በጣቱ እየተከተለ ይተረጉምልኛል። «ቀስ በል» ይለኝ ነበር፤ «ይህ ድንጋይ የትም አይሄድም።»

የመንግሥት ሥራ ትልቁ ጸጋ ይህ ነው። አንድን የጉድጓድ መዝገብ ዘርግተህ ሳምንቱን ሙሉ ብታየው የሚያስቸኩልህ የለም። የግል ኩባንያ እንዲህ ያለ ጊዜ ለጀማሪ አይሰጥም። ጂኦሎጂን በደንብ የተማርኩት እዚያ ክፍል ነው፤ ለዚህ ሁሌም ባለዕዳ ነኝ።

ወሬ ግን እዚያ ቤት የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነበር። ድንጋዩን የሚያውቀው ባለሙያ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ማስታወሻው ከክፍል ኃላፊ ወደ መምሪያ፣ ከመምሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ የቴሌቪዥን ዜና ሆኖ ነው። በመሃል ላይ «ምናልባት» የሚለው ቃል ይወድቃል፣ «ሙከራ» የሚለውም ይወድቃል። ይህን በኋላ በሰኔ 2010 ዓ.ም. አገር ሁሉ አይቶታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በኦጋዴን የድፍድፍ ዘይት ሙከራ ምርት መጀመሩን ሲናገሩ በቀን 450 በርሜል የሚል ቁጥር አብሮ ወጣ። ያን ማታ ስልኬ አላረፈም፤ «ነዳጅ አምራች ሆንን አይደል?» የማይል አልነበረም። ፈቃዱን ይዞ የነበረው ፖሊ ጂሲኤል ነው፤ ፖሊ የቻይና መንግሥት ድርጅት፣ ጂሲኤል የሆንግ ኮንግ የግል ኩባንያ፣ ሁለቱ በአንድ የገቡበት ሽርክና። ከአራት ዓመት በኋላ መንግሥት ፈቃዱን ሰረዘው። የሙከራ ምርት ምን ማለት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ለሕዝቡ በወጉ ቢነገር ኖሮ ያ ሁሉ ተስፋ ባልተሰበረ ነበር።

ልጅ ሲወለድልኝ ደመወዜ ከኪራይ አላልፍ አለ። በዚያን ጊዜ ደቡብ ኦሞ ውስጥ የውጭ ኩባንያዎች ቁፋሮ ጀምረው ነበር። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ከድንበሩ ማዶ ቱርካና ውስጥ ዘይት ተገኝቶ፣ ዜናውን ፕሬዚዳንት ኪባኪ ራሳቸው ለኬንያውያን ካበሰሩ ወዲህ የስምጥ ሸለቆ ነገር ሁሉንም አሳብዶ ነበር። እዚህም አራት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ሳቢሳ፣ ቱልቱሌ፣ ሽመላና ጋርዲም። እኔም የመንግሥቱን ወንበር ለቅቄ ወረድኩ።

አሁን ወጣቶቹ በደንብ እንዲሰሙኝ የምፈልገው ነገር መጣ። «የግል ኩባንያ ገባሁ» ብዬ ነው ለቤተሰቤ የነገርኳቸው። እውነቱ ሌላ ነው። ፈቃዱን የያዘው አክሲዮኑ ባሕር ማዶ ገበያ ላይ የሚሸጥ ድርጅት ነው። እሱ ግን በካምፑ ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት ነው። መሰርሰሪያውን የሚያሽከረክረው ሌላ ኩባንያ፣ ጭቃውንና ናሙናውን የሚከታተለው ሌላ፣ ምግቡን የሚያቀርበው ሌላ፣ መኪናውን የሚያከራየው ሌላ፣ ጥበቃውን የሚቀጥረው ሌላ ነው። ከሁሉም በታች ደግሞ ኤጀንሲ አለ፤ የእኔን ወረቀት የፈረመው እሱ ነው። በዓለም ላይ የነዳጅ ቁፋሮ በአብዛኛው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ የመንግሥት ድርጅት ሲቆፍርም ከዚህ ብዙ አይለይም። ስለዚህ «ለግል ወይስ ለመንግሥት» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ብዙ ጊዜ ለሁለቱም አይቀጠርም። የሚቀጠረው ለአራተኛው ንዑስ ተቋራጭ ነው።

ደመወዙ ጥሩ ነበር፤ በመንግሥት ቤት በወራት የማገኘውን በአንድ ወር አገኝ ነበር። ሥራዬ ከጉድጓዱ ከጭቃ ጋር የሚወጣውን የድንጋይ ፍርፋሪ መልቀም፣ አጥቦ ማድረቅ፣ ጥልቀቱን በማርከር ጽፎ በጨርቅ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። የዚያ ፍርፋሪ አንድ ሙሉ ስብስብ ለኢትዮጵያ መንግሥት ይሰጣል። ሌሊት በመብራት ሥር ፍርፋሪውን በአጉሊ መነጽር ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከዓለም ቀድሜ የማየው ነገር ነበር። ያየሁትን ግን ለማንም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ፤ ለሚስቴም ቢሆን።

አንድ ቀን ከረጢቶቹን በሳጥን አድርጌ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ እንዳደርስ ታዘዝኩ። ሹፌሩ፣ ረዳቱና እኔ ነን። ከቱርሚ ወዲህ ያለ አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ ስንደርስ አሸዋው መኪናውን ያዘው። ክሪኩ ሰመጠ። ስንቆፍር፣ ቅጠል ስንጎዘጉዝ ከላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ውሃ መጣ። ሰማዩ እኛ ላይ ጥርት ያለ ነበር፤ የሰማነው ድምፁን ብቻ ነው። ሳጥኖቹን እየተቀባበልን ወደ ገደሉ አወጣናቸው። ሹፌሩ ልብሱን ትቶ ከረጢት ያወጣ ነበር፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ጠይቆኝ እንኳ አያውቅም፤ «አደራ ነው» ስላልኩት ብቻ ነው። መኪናው እስከ ወንበሩ ድረስ ውሃ ገባው፣ ሞተሩ ጠፋ።

እዚያው አደርን፤ በማግስቱም አደርን። የሳተላይት ስልክ ለእንደኛ ዓይነቱ አይሰጥም። ስንቃችን ሲያልቅ ያበሉን ሐመሮች ናቸው። ሸፈሮ የሚሉትን የቡና ገለባ መጠጥ በቅል አምጥተው አጠጡን፣ ወተት ሰጡን፣ ወጣቶቻቸው መኪናውን ለማውጣት ከእኛ ጋር ትከሻቸውን ሰጡ። ከእነሱ መካከል ካምፑ ውስጥ በጥበቃ የሠራ አማርኛ የሚችል ልጅ ነበር። አንድ ሽማግሌ በእሱ አስተርጓሚነት ሳጥኖቹን እያሳዩ ጠየቁኝ፦ «ይህ ከጉድጓዱ የወጣው ነው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ጉድጓዱ ምን አለ?»

ልመልስላቸው አልቻልኩም፤ ፈርሜያለሁ። በሬያቸው የሚግጥበትን መሬት ሆድ በከረጢት ይዤ፣ ወተታቸውን ጠጥቼ፣ «አላውቅም» አልኳቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። በነዳጅ ሥራ ካየሁት ሁሉ እንደዚህ ያሳዘነኝ የለም። በዚያው ዘመን በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ከድንበሩ ማዶ የቱርካና ሰዎች ሥራና ድርሻ ይሰጠን ብለው ሰልፍ ወጥተው እዚያ የሚቆፍረው ቱሎው የተባለ ኩባንያ ሥራውን ለጊዜው ሲያቆም፣ ብዙዎች «ምን ነካቸው?» አሉ። ሐመር ወተቱን ያጠጣኝ እኔ ግን ምን እንደነካቸው ገብቶኛል።

መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ፣ ተጠግኖ፣ ኮንሶ ስንደርስ ኔትወርክ መጣ። የሹፌሩ ስልክ ጮኸ፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ነው። «ጉድጓዱ አልሆነም ብለው ለንደን ላይ አሳወቁ እኮ! ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ እናንተ ገና እዚያ ናችሁ?»

ከረጢቶቹ ከኋላችን ናቸው። ውጤቱን የያዝነው እኛ ነን። የሰማነው ግን ከሹፌሩ ወንድም ነው።

ለንደን ቀድማ መስማቷን አልነቅፍም። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ድርጅት ዋጋ የሚያንቀሳቅስ ወሬ ሲኖረው ለሁሉም ገዢ በአንድ ጊዜ ማሳወቅ ግዴታው ነው። አንዱ ቀድሞ ሰምቶ አክሲዮን ቢሸጥ ሌላውን ዘረፈው ማለት ነውና ሕጉ ትክክል ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለባለ አክሲዮኑ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕግ ካለ፣ ለሠራተኛውና ለሽማግሌው የተጠነቀቀው የቱ ነው? በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ካምፑ በር ላይ፣ ሌላው ወረዳው ጽሕፈት ቤት ቆሞ ቢናገር ገበያው ምን ይጎዳል?

አዲስ አበባ ስገባ ኤጀንሲው «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፤ ኮንትራትህ አብሮ አብቅቷል» አለኝ። የመጨረሻውን ወር ደመወዝ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናሁ አልዘረዝረውም። ይልቅ የከረጢቶቹን ነገር ላውራ። ወደ አንድ የመንግሥት መጋዘን ወሰድኳቸው። በር ላይ ያለው ሠራተኛ «ደብዳቤ አለው?» አለኝ። ደብዳቤውን መጻፍ ያለበት ኤጀንሲው ነው፤ ኤጀንሲው ደግሞ ፕሮጀክቱን ዘግቷል። የመኪናው ባለቤት መኪናውን ይፈልጋል። ሳጥኖቹን ተከራይቼ ወደምኖርበት ግቢ አስገባሁና በሸራ ሸፈንኳቸው። እትዬ አከራዬ ክፉ አልተናገሩኝም፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራውን የሚያስተካክሉት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ያወጣኝ ያ ባኩ የተማረው ባልደረባዬ ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ታሪኩን ስነግረው አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ኮቱን አነሳ። ደብዳቤውን በራሱ እጅ ጻፈ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞት ዞረ፣ አስፈረመ፣ አስመታ። ሳጥኖቹ መጋዘን ሲገቡ አንድ በአንድ ቆጥሮ ከተረከባቸው ሠራተኛ ጋር አብሮ ቆመ። «ደረቅ ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። «የሚቀጥለው ሰው የት እንዳይቆፍር የሚነግረው ይኸው ነው።»

ልክ ነው። ትርፍ የሚፈልግ ኩባንያ ባዶ የሆነ ጉድጓድ ፍርፋሪ አርባ ዓመት የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለውም። ያንን ማድረግ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው፤ በሩ ላይ ደብዳቤ እየጠየቀ ሊመልሰው ቢቃጣውም። ካሉብን እዩ። በ1965 የተገኘው ጋዝ አሜሪካኖቹ ወጥተው፣ ሶቪየቶቹ ፈርሰው፣ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄዶ፣ የፖሊ ጂሲኤል ፈቃድ ተሰርዞ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ! ያ ሁሉ ኩባንያ ሲፈራረቅ የድንጋዩን ማኅደር ይዞ የቆየው በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራ የመንግሥት ባለሙያ ነው። ሰዉም በነፃ አልሠራበትም። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. እዚያው ኦጋዴን ውስጥ አቦሌ በተባለ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል፤ ካምፑ የቻይና መንግሥት ነዳጅ ድርጅት ንብረት ነበር። ስለ ኦጋዴን ጋዝ ሲነሳ እነዚያ ሰዎች አብረው ሊነሱ ይገባል።

ሂዩስተን የሚኖር የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያጫውተኛል። አክሲዮኑ በገበያ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የነዳጅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ሲወርድ ከሥራ ተቀነሰ። በየሦስት ወሩ ለባለ አክሲዮን ሪፖርት የሚያደርግ ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ቀኑን አስቀድመህ መገመት ትችላለህ ይላል፤ ሪፖርቱ ይፋ ስለሆነ ማንበብ ለሚችል ሰው ምልክቱ አለ። እዚያው ሂዩስተን ሂልኮርፕ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተ የግል ኩባንያ አለ፤ አክሲዮኑ ለገበያ አይቀርብም። የነዳጅ ዋጋ በወደቀበት እ.ኤ.አ. በ2015 ማብቂያ ኩባንያው የአምስት ዓመት ግቡን ስለመታ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 100,000 ዶላር ሰጠ፤ ከጸሐፊ እስከ መሐንዲስ። ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ቅናት ነበረ። ያም ሆኖ የዚያ ዓይነት ቤት መዝገብ በውጭ ላለ ሰው ዝግ ነው፤ ባለቤቱ ደግ ሲሆን ትጠግባለህ፣ ሐሳቡን ሲለውጥ የሚያስጠነቅቅህ ወረቀት የለም።

የመንግሥት የሆነውም ቢሆን ለሕዝቡ ክፍት ነው ማለት አይደለም። የሳዑዲው አራምኮ የመንግሥት ድርጅት ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሒሳቡን ለማንም አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦንድ ለመሸጥ ሲነሳ ነው የ2018 የተጣራ ትርፉ 111 ቢሊዮን ዶላር መሆኑ የታወቀው። የአገሩ ሰው ያላየውን ቁጥር አበዳሪ ቀድሞ አየው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ 1.5 በመቶ ድርሻውን ለገበያ ሲያቀርብ 25.6 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ።

እኛም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያችንን በጥር 2017 ዓ.ም. ከፍተናል። ነገ የነዳጅና የጋዝ ድርጅቶቻችን እዚያ መውጣታቸው አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ሕገ መንግሥቱ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲያው የነዳጅ ስምምነት ለምታረቁ ባለሙያዎች ልመናዬ ይህ ነው። ውጤቱ ለገበያ ወይም ለሚኒስትር በሚነገርበት ቀን በአካባቢው ቋንቋ ለነዋሪውም እንዲነገር፣ የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኛ ሁሉ ሒሳቡ ተዘግቶ በዚያው ቀን እንዲሰማ፣ ናሙናውም ያለ ደብዳቤ ክርክር መጋዘን እንዲገባ በስምምነቱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጻፉ።

ለእናንተም፣ ለምትደውሉልኝ ልጆች። ከምትወዱት ድንጋይ ጋር መኖር ከፈለጋችሁ መንግሥት ቤት ጀምሩ፤ ልጅ ካላችሁና ኪራይ ካስጨነቃችሁ ወደ ግሉ ብትሄዱ ማንም አይቀየማችሁም። የትም ግቡ፣ ወረቀታችሁን የሚፈርመው ትክክለኛው ቀጣሪ ማን እንደሆነ በስሙ እወቁ፤ በአዋጅ 1268/2014 መሠረት የጡረታ መዋጯችሁ በእርግጥ ገቢ እየተደረገ መሆኑን በየጊዜው ጠይቁ፤ የኮንትራቱን ቅጂ ሳትይዙ ካምፕ አትሂዱ።